የአቶ ኤክሃርት አንዲት ጥይት

ጥንቁቅ ሰው የሌለበት መንደር የለም። ኖሮ ከነበረም እስካሁን ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ጎርፍ ወስዶታል። የኛው የአልበርስባህ ጥንቁቅ ግን ተራ ጥንቁቅ አይደሉም። ክቡር አቶ ኤክሃርት ዞልነር፣ የአደን መሪ፣ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ፣ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት፣ በሄሰን ኮረብታዎች ጠመንጃ ከሚያነግቱት ሰዎች ሁሉ እጅግ አሰልቺው እሳቸው ናቸው ብል ባለቤታቸው ሮስቪታ እንኳ አትቃወመኝም።

እኛ ጋ አዳኝ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይገባ የአደን ፈቃድ አያገኝም። ነገሩ እንደ መኪናው ነው፤ ጠመንጃህ ሰው ላይ፣ የሰው ላም ላይ ወይም የሰው መስኮት ላይ ጉዳት ካደረሰ የሚከፍል አለ። ሌላው አዳኝ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይወረውረውና ፈቃድ የሚያሳድስበት ቀን ሲደርስ ፈልጎ ያጣዋል፣ ሚስቱ ላይ ይጮሃል። አቶ ኤክሃርት ግን ወረቀታቸውን በላስቲክ አስለብጠው፣ ከአንዲት ጥቁር ደብተር ጋር በደረት ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ቆመው ዳቦ ሻጯ «ስንት ልስጥዎት?» ስትላቸው እንኳ ከዳቦው በፊት እሱ ይቀድማል።

«አርባ አንድ ዓመት ከፈልኩ! አንዲት ቀን አልጠየቅኋቸውም!»

«ዳቦውን ነው ያልኩት፣ አቶ ኤክሃርት።»

«ስድስት። አርባ አንድ ዓመት ግን ቀልድ መሰለሽ?»

በመከር ወቅት የጋራ አደን ሲኖር እኔ ከአውሬ አባራሪዎቹ ጋር እሰለፋለሁ። ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሼ፣ ዱላ ይዤ፣ ቁጥቋጦውን እየደበደብኩ መጮህ ነው ሥራዬ። ጠዋት ጠመንጃ የያዙት ሁሉ በግማሽ ክብ ይቆማሉ፤ ክቡርነታቸውም እያንዳንዱን ፈቃድ እየተቀበሉ ፎቶውን ከፊቱ ጋር ያስተያያሉ። የሮስቪታ ወንድም እንኳ አይቀርለትም።

«ኤክሃርት፣ አሁን እኮ ነው አብረን ቁርስ የበላነው!»

«ቁርስ የበላሁት ከዘመዴ ጋር ነው። አሁን የማናግረው ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። ወረቀት!»

ከዚያ ስብከቱ ይጀመራል። «ጥይቷን የምትልካት አንተ ነህ፤ የሚቀበላት መሬት ነው። መሬት ካልተቀበላት አትልካት!» ይላሉ። ሁላችንም በቃላችን ስለምናውቀው የመጨረሻዋን ቃል አብረን እንላቸዋለን። እሳቸው አይከፋቸውም። ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ «ውርጭ ያደረቀው መሬትም መሬት አይደለም።» ፀሐይ አናታችንን በምትበላበት የጥቅምት ጠዋት እንኳ ይቺን ሳይሉ አይለቁንም።

ጥቁሯ ደብተር የጥይት መዝገብ ናት። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ የተኮሷት እያንዳንዷ ጥይት ቀኗ፣ ቦታዋና የገባችበት ተጽፏል። የዱር አሳማ ትከሻ፣ የአጋዘን ጎን፣ የሳተችው ደግሞ «ከግንዱ በስተግራ ሁለት እርምጃ፣ መሬት ውስጥ» ይላል። መሬት ቀያሽ ነበሩና የሁሉም ርቀት በሜትር ተለክቷል። የተፈጥሮ ጥሪ ሲመጣባቸውም ይለካሉ እያልን እናማቸዋለን።

በየዓመቱ ደግሞ በረዶው እንደቀለጠ ብረት ፈላጊ መሣሪያቸውን አንግተው ከቤቴ በላይ ያለውን ተዳፋት ያስሱታል። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ፣ እጃቸው ላይ መኮትኮቻ፣ ጉልበታቸው ላይ ጭቃ። የጥንት ሳንቲም ነው የሚፈልጉት እየተባለ ይወራል። እኔ ሲያወጡ ያየሁት የፈረስ ጫማ፣ የቢራ ክዳንና አንድ የማረሻ ጥርስ ብቻ ነው። ሲደክማቸው ወደ አጥሬ ይወርዱና ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቁኛል።

«ልጅህስ ደህና ናት?»

ልጄ ማራይከ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሐምቡርግ ወደብ ላይ መርከብ ትጠግናለች፤ ከእኔ የበለጠ ጡንቻ አላት። «ደህና ናት» ስላቸው «ጥሩ፣ ጥሩ» ብለው ይመለሳሉ። የሌላ ሰው ልጅ ጠይቀው አያውቁም። ያላገባ የወንድም ልጅ ስላላቸው እኔና ባለቤቴ የሽምግልና መንገድ እየጠረጉ ነው ብለን ስንት ዓመት ስቀናል።

ባለፈው የፀደይ ወራት ከኦሃዮ እንግዳ መጣላቸው። ዱዌይን ይባላል፤ ቅድመ አያቱ ከዚሁ መንደር ተነሥቶ አሜሪካ የገባ፣ ሰፊ ትከሻና ሰፊ ሳቅ ያለው ዘመድ ነው። ለእራት ተጠርቼ ሄድኩ። የዱር አሳማ ጥብስ፣ ቀይ ጎመንና የፖም ወይን ቀርቦ፣ ሾርባው ሳይነሣ ወረቀቱ ከደረት ኪስ ወጣ።

«እኛም ጋ እንደዚህ ያለ ሕግ ይውጣ የሚሉ አሉ» አለ ዱዌይን ወረቀቱን እያገላበጠ። «እስቲ ንገረኝ ኤክሃርት፣ ሌባው ኢንሹራንስ ይገባል? የሚከፍለው ጨዋው ብቻ ነው!»

«ጨዋው ነዋ! ለጨዋው ነው የተሠራው።»

«ደግሞም ሰውን ያዘናጋል። ከፋይ አለልኝ እያለ እንዳሻው ይተኩሳል።»

እኔ በሆዴ እውነቱን ነው ብያለሁ። አቶ ኤክሃርት ግን ሥጋቸውን ቆርጠው ጨርሰው፣ አፋቸውን ጠርገው መለሱ።

«እጄን ቀጥ አያደርግልኝም፤ እሱን አውቃለሁ። ግን ሰው ተኩሶ ሲሳሳት መጀመሪያ ምን የሚያስብ ይመስልሃል? ቤቴን ሊሸጡብኝ ነው፣ አለቀልኝ ነው የሚለው። እንደዚያ ያለ ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ ግራ ቀኙን ያያል። ያየው ከሌለ ጠመንጃውን አንግቶ ይሄዳል። እኔ እንደዚያ ብዬ መሄድ አልፈልግም። ለዚህ ነው የምከፍለው።»

«አንተማ ምን አለብህ! ስተህ የማታውቅ ሰውዬ!» አለ ዱዌይን ጀርባቸውን መታ መታ እያደረገ።

አቶ ኤክሃርት ወረቀቱን ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱ። ሮስቪታ ማንም ሳይጠይቃት ድንች ልታመጣ ተነሣች። «አርባ አንድ ዓመት» ሳይባል የተነሣሁበት ገበታ ያ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከዱዌይን ወሬ ጋር ስለነበርኩ ልብ አላልኩትም።

በበጋው የቤተ ክርስቲያናችን ጣራ ሲታደስ ሠራተኞቹ ጫፉ ላይ የሚሽከረከረውን ነፋስ ጠቋሚ፣ የመዳቡን አውራ ዶሮ አወረዱት። ደረቱ ላይ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ነበረች። ሲነቀንቁት ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ።

ቲሎ ግሩንዋልድ፣ የታሪክ ማኅበራችን ሊቀ መንበርና የቀድሞ መምህር፣ ዶሮው መሬት ሳይነካ ፍርዱን ሰጠ። «በጦርነቱ የመጨረሻ ሳምንት! አሜሪካኖቹ ሲገቡ አንዱ ወታደር ተኮሰበት! አያቴ በዓይኗ አይታለች!» አለ። አያቱ በዚያ ዘመን የምትኖረው ሌላ ክፍለ ሀገር እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አላነሣውም። ምን እናድርግ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ጥንታዊ ግንብ አላቸው፤ እኛ ምንም አልነበረንም። ዳቦ ቤቷ ደረቱ ላይ ዘቢብ የተሰካ የዶሮ ቅርጽ ዳቦ መጋገር ጀመረች። ቲሎ ለትምህርት ቤት ልጆች ዶሮውን እየነቀነቀ «የታሪክ ድምፅ ስሙ!» ይላቸው ነበር። እኔም ራሴ በመንደሩ ጋዜጣ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ፣ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ እንባዬ መጥቶብኛል። የነሐስ ሰሌዳ ታዘዘ፤ የሚመረቅበትም እሑድ ተቆረጠ።

አቶ ኤክሃርት ዶሮውን ሊያዩ የመጡ ቀን የደብሩ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። መነጽራቸውን አጠለቁ፤ መለኪያቸውን አውጥተው የቀዳዳዋን ስፋት ለኩ። ከዚያ ከንፈሯን በጥፍራቸው ዳሰሷት።

«ይህ ዶሮ በወርቅ የተለበጠው መቼ ነበር?»

«ረሱት እንዴ? የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ሁላችን አዋጥተን ነው» አልኳቸው።

«ወርቁ እኮ ከመዳቡ ጋር አብሮ ወደ ውስጥ ታጥፏል።»

እኔ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። እሳቸው ዶሮውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አንድ ጊዜ ብቻ ነቀነቁት። አመስግነውኝ፣ ባርኔጣቸውን ረስተው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ከፓስተራችን ከዶሮቴያ ጋር የጣራውን ሥራ እየተነጋገርን ሳለ በሩ ተንኳኳ። አቶ ኤክሃርት በክት ኮታቸው ገቡና ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«ፓስተር፣ እባክዎ ይክሰሱኝ።»

«ምን አድርገው?»

ጥቁሯን ደብተር ገልጠው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት የተጻፈ ነው፤ ኅዳር መጨረሻ፣ ከተዳፋቱ ራስ ካለው የእንጨት ማማ ላይ፣ ቀበሮ፣ ሳትኩ ይላል። የገባችበት በሚለው ሥር፣ በዚያች ደብተር ሙሉ የትም የሌለ አንድ ቃል አለ፦ አልታወቀም።

«መሬቱ ውርጭ ነበር። አንጥሮ ላካት፤ ስታፏጭ ሰምቻታለሁ። ያ ቀዳዳ ወርቁ ከተለበጠ በኋላ የመጣ ነው፤ የኔ ነው» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ። ልጅቷ፣ ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ የጠየቀዎት ማነው አለችኝ። ማንም አልኳት። ማንም ካልጠየቀዎት የምንከፍለው የለም፣ መልካም ቀን ብላ ዘጋችው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኗ ልትጠይቀኝ ይገባል።»

ዶሮቴያ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። ሰሌዳው ተቀርጿል፣ የአደን መለከት ነፊዎች ተጠርተዋል፣ ዘቢቡ ተገዝቷል።

«አቶ ኤክሃርት፣» አለች ለስለስ ብላ፣ «ሰው አልተጎዳም። ከእርስዎ በቀር የሚያውቅም የለም። ቢተዉትስ?»

ቲሎ ወሬው እንዴት እንደደረሰው እንጃ፤ እያለከለከ ገባ። «አንተ ሰውዬ፣ በአሜሪካ ጦር ቀናህ? ንጹሕ ነኝ፣ ንጹሕ ነኝ እያልክ ስታደነቁረን ኖረህ፣ አሁን በአንዲት ዶሮ ልታበላሸው ነው?»

«ንጹሕ ነኝ አላልኩም። አልጠየቅኋቸውም ነው ያልኩት።» አቶ ኤክሃርት ደብተሯን ዘጉ። «እንደዚያ የምጮኸው ለምን ይመስልሃል? ይቺን አንዲት መስመር ላለመስማት ነው። ቲሎ፣ እሑድ የዶሮው ሆድ ይከፈታል ወይስ ውሸት ላይ ሰሌዳ ትሰቅላለህ? መምህር ነበርክ እኮ!»

ቲሎ ወንበር ላይ ዝርፍጥ አለ። እኔም የማስበው ስለ ሁለት ገጼ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ሽማግሌውን አልወደድኳቸውም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። ከወንዙ ማዶ የመጡም ነበሩ። መለከቱ ተነፋ፤ ዶሮው ቀይ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ያበራል። ቲሎ የተዘጋጀውን ንግግር ከኪሱ አወጣና አየው፤ መልሶ አጠፈው። «ከሁሉ በፊት ኤክሃርት የሚለው ነገር አለ» ብሎ ቁጭ አለ። ለቲሎ ይህ ምን ያህል እንደከበደው የማውቀው እኔ ነኝ።

አቶ ኤክሃርት አረንጓዴ የአደን ኮታቸውን ለብሰው ከሕዝቡ ፊት ቆሙ። በአደን ጠዋት በሚሰብኩበት በዚያው ድምፅ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቀበሮውን ተናገሩ። ከዚያ ጣራውን ለሚያድሰው ቆርቆሮ ሠሪ ምልክት ሰጡት። እሱም የዶሮውን ሆድ ስፌት በመቁረጫ ከፈተ፣ ዶሮቴያ የመባውን ሳህን ከሥር ያዘችለት። ጥይቷ ሳህኑ ላይ ወድቃ ሁለት ጊዜ ዞረች። አቶ ኤክሃርት አንስተው ለኳት። ባለ ሰባት ሚሊ ሜትር የአደን ጥይት፣ አንድ ጎኗ ተላልጦ ጠምማለች።

«የኔ ናት» አሉ።

ቀድማ የተናገረችው ከፊት የተቀመጠችው ሮስቪታ ናት።

«እሰይ! በል አሁን ያን ብረት ፈላጊ ከሳሎኔ አውጣልኝ!»

ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈነዳ። ዳቦ ሻጯ ማጨብጨብ ጀመረች፤ መለከት ነፊዎቹም ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው አደን ሲያበቃ የሚነፋውን ነፉ። ሳቁ ሲበርድ ዶሮቴያ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አቶ ኤክሃርት ዞልነር! የአልበርስባህ ቤተ ክርስቲያን በንብረቷ ላይ ላደረሱት ጉዳት በይፋ ትጠይቅዎታለች!»

ሽማግሌው ሜዳልያ እንደሚሰጠው ሰው ደረታቸውን ነፉ። «አመሰግናለሁ፣ ፓስተር» አሉ። እኔ አጠገቤ ያለውን የማዶ ሰው በክርኔ ጎሸም አድርጌ «የኛ ሰው ናቸው» እንዳልኩት አልክድም። በሕይወቴ በዚህ መንደር የኮራሁበት ቀን ያ ነው፤ ግንባቸውን ይያዙት።

ኢንሹራንሱ ለምን እንደዘገዩ ጠየቃቸው። ክቡርነታቸው ካርታ ያለው የአራት ገጽ ማብራሪያ ጻፉ። አምስተኛ ገጽ እንዳይመጣ ፈርቶ መሰለኝ ድርጅቱ ቶሎ ከፈለ። ቀዳዳዋ ተደፈነች፣ ዶሮው ወደ ቦታው ወጣ። ሰሌዳውን ቲሎ በራሱ እጅ እንደገና አስቀረጸው፦ «ይህን ዶሮ የመታው ኤክሃርት ዞልነር ነው። ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።» አሁን ለልጆች ይህን ሲተርክ ከአሜሪካኖቹ ጊዜ ይበልጥ ይጮሃል።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ አጥሬን ስቀባ አቶ ኤክሃርት በተዳፋቱ ወረዱ። ብረት ፈላጊው የለም። የድሮ የቀያሽ መነጽራቸውን ከነመቆሚያው ተሸክመዋል።

«ልጅህስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ግን እባክዎ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ለምንድነው ሁልጊዜ ስለ እሷ የሚጠይቁኝ?»

መቆሚያውን መሬት ላይ አኖሩት። «ጥይቷ ስታፏጭ ወደዚህ አየሁ። አትክልት ቦታህ ውስጥ ቀይ ጃኬት የለበሰች ልጅ ነበረች። ቆማ ነበር። አልተነቃነቀችም። እኔ እንጃ ስንት ጊዜ ነው፣ ለእኔ በጣም ረጅም ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በረዶ አነሣች።»

ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ማራይከ ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር።

«ደህና መሆኗን አይቻለሁ። ግን በምን ያህል እንደሳተቻት አላወቅሁም። መሬት ውስጥ ባገኛት፣ ከእሷ ርቃ ነበር እል ነበር። ለዚህ ነው የምፈልጋት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈራሁ» አሉ።

ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው ከማማው እስከ ዶሮው መስመር ሳሉልኝ። «ዛሬ ለካሁት። ከማማው እስከ ነጠረችበት፣ ከነጠረችበት እስከ ዶሮው። መስመሩ ከጣራህ በላይ አሥራ ስምንት ሜትር ነው። አሥራ ስምንት ሜትር!» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ተቆጥቼ ነበር? ለአንድ አፍታ፣ አዎ። ከዚያ ግን እኚህ ሰው በየዓመቱ በጭቃ ተንበርክከው ስለ ልጄ ብለው ያቺን ጥይት ሲፈልጉ እንደኖሩ ገባኝ፤ እኔ ደግሞ ስስቅ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ሐምቡርግ ደወልኩና በድምፅ ማጉያ አደረግሁት። ከጀርባዋ መዶሻ ይጮሃል።

«አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ! ምነው?»

«አቶ ኤክሃርት ደህና ናት ወይ ይላሉ።»

«አሁንም?» ሳቀች። «ደህና ነኝ፣ አቶ ኤክሃርት! በጣም ደህና ነኝ! እርስዎስ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ለስልኩ አወለቁ። «አርባ አንድ ዓመት፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» አሉ። «እሱንም ራሴ ነገርኳቸው!»

ከዚያ ጥቁሯን ደብተር አወጡ። «እስክሪብቶ አበድረኝ» አሉኝ፤ ሰጠኋቸው። ያልደረቀ ቀለም እንዳይነካቸው እየተጠነቀቁ ደብተሯን የአጥሬ ምሰሶ ላይ አስደግፈው «አልታወቀም» የሚለውን በቀጭኑ ሰረዙትና ከጎኑ ጻፉ፦

«ተገኘች። ልጅቷም ደህና ናት።»